በሃያ አንደኛው ቀን

«እነዚያ እንቁላሎች አባት የላቸውም» ያለችው የመዋዕለ ሕፃናቱ ምግብ ሠሪ ናት። መጀመሪያ ለድስቷ ተናገረች፤ ቀጥላ ለዘበኛው፤ በሦስተኛው ቀን ልጆቻቸውን ሊወስዱ በር ላይ የሚቆሙት ወላጆች ሁሉ ሰምተውት ነበር። አውራ ያልደረሰበት እንቁላል ዓመት ቢታቀፉት ጫጩት አይወጣውም፤ ያቺ ልጅ ሕፃናቱን በከንቱ ታስጎመጃለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከየት እንደሰማችው የጠየቃት የለም። እሷም ብትሆን ከራሷ አፍ በቀር የሰማችበት ቦታ አልነበራትም።

«ያቺ ልጅ» የተባለችው የትልልቆቹ ክፍል መምህርት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ግቢ የገባችው ወለል ለመወልወልና አፍንጫ ለመጥረግ ነበር። ሕፃናቱ ከምሳ በኋላ ሲተኙ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠገቡትን መጻሕፍት አንድ በአንድ አንብባ ጨረሰች። የክፍሉ መምህር ድንገት ሲለቅ ዳይሬክተሯ «ሰው እስካገኝ ያዢልኝ» አለቻት፤ ያዘች፤ አልለቀቀችም። ዲፕሎማ የላትም፤ ምላስ ግን አላት። ያልገባትን ነገር መጽሐፍ ትጠይቃለች እንጂ ሰው አትጠይቅም።

እንቁላሎቹን የገዛችው ከኩሬው ማዶ ቅርጫት ተሸክመው ከሚመጡ አንዲት አሮጊት ነው።

«እማማ፣ ወንድ አብሯቸው አለ?»

«ሁለት ወንድ አለኝ ልጄ። እረፍት መቼ ይሰጧቸዋል!»

ሌላ አልጠየቀችም። ስምንቱን በሻሿ ጠቅልላ አመጣቻቸው። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ጥጥ አነጠፈች፤ አምፖል ሰቀለች፤ አንድ ኩባያ ውሃና ቴርሞሜትር አስቀመጠች። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ በአንድ ጎን ክብ፣ በሌላው ጎን መስቀል በእርሳስ አደረገች፤ ልጆቹ በቀን ሦስት ጊዜ በየተራ ይገለብጧቸዋል። ግድግዳው ላይ ሃያ አንድ ባዶ ሳጥን ያለው ወረቀት ለጠፈች፤ በመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ቢጫ ጫጩት ሳለች።

ምግብ ሠሪዋ በበሩ አንገቷን አስግጋ አየች። «ምን ያህላሉ በሞቴ! መልካቸውስ ቢሆን? ታሞ የከረመ ሰው ፊት መስለዋል።»

«እትዬ፣ እርስዎ የሚያውቁት መጥበሻ ላይ ያረፈውን ብቻ ነው።»

«እሺ ምሁሯ! አባት የላቸውም ብያለሁ፣ ብያለሁ።»

ከልጆቹ መካከል አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጓደኞቿ «ጭጭ» ይሏታል። እናቷ ነፍሰ ጡር ሳለች ማታ ማታ ጆሮዋን ሆዷ ላይ ለጥፋ ታዳምጥ ነበር። አንድ ቀን እናቷ ሆስፒታል ሄደች፤ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ሆዷም የለም። ልጅቷ ስትጠይቅ «ምንም አልነበረም» ተባለች፤ ወሬው በዚያው ተዘጋ። የልጅቷም አፍ አብሮ ተዘጋ። ይህን ለመምህርቷ የነገረቻት፣ ከሌላ ከተማ መጥታ ቤታቸው የሰነበተችውና ጠዋት ጠዋት የምታደርሳት አክስቷ ናት። ልጅቷ መናገር ካቆመች ሁለት ወር ሆኗት ነበር።

እንቁላሎቹ በመጡበት ቀን ጭጭ ተራዋ ደረሰ። አንዱን አነሣች፤ አልገለበጠችውም። ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ውስጡ ማን አለ?» አለች።

መምህርቷ ጠመኔዋን አስቀምጣ ተጠጋቻት። «ልጅ አለ» አለቻት ቀስ ብላ። «አሁን ነጥብ ነው የሚያህለው። ቆይቶ ልብ ያወጣል፤ ዓይን ያወጣል። ሃያ አንደኛው ቀን ላይ ራሱ ሰብሮ ይወጣል።»

«የእውነት ቲቸር?»

«እኔ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቷ ማውራት ያዘች። መጀመሪያ ለእንቁላሎቹ፣ ቀጥላ አጠገቧ ለሚቀመጠው ልጅ፣ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ «ክቡ ወደ ላይ ነው ያልኩህ!» እያለች እስከመቆጣት ደረሰች። መምህርቷ በሆዷ ትደሰታለች፤ በሆዷም ትፈራለች። ይህ ካርቶን ባዶ ከቀረ ያ አፍ ተመልሶ እንደሚዘጋ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ሃያ አንደኛው ቀን መጣ። ልጆቹ ካርቶኑን ከብበው ዋሉ። ምንም የለም። ሃያ ሁለተኛው። ምንም። በሃያ ሦስተኛው ቀን አንዱ ልጅ እርሳሱን እያኘከ «አባት የላቸውም እኮ» አለ፤ ቃሉ ከማን እንደመጣ መጠየቅ አላስፈለገም።

በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት መምህርቷ የዶሮ እርባታውን መጽሐፍ እንደገና ገለጠች። ዶሮ ሃያ አንድ ቀን። ቢዘገይ አንድ ሁለት ቀን። ከዚያ ያለፈው ይበሰብሳል ይላል።

«አንዱን ሰብረሽ እይውና እረፊ» አለች ምግብ ሠሪዋ።

አልሰበረችም። ባዶ ሆኖ ብታገኘው ያቺ ሴት ልክ ልትሆን ነው። የሞተ ብታገኝ ደግሞ ለልጅቷ ምን ትበላት? ሳይታይ ይቀበር አለችና አጥሩ ሥር በአሸዋ መጫወቻው አካፋ ጉድጓድ ቆፈረች።

ስምንት ልጆች እንቁላል እንቁላላቸውን ይዘው ተሰለፉ። ሌሎቹ አስቀመጡ። ጭጭ መጨረሻ ላይ ቆማ በሁለት እጇ እንደያዘችው ቀረች።

«ይሞቃል» አለች።

«አምፖሉ ነው ያሞቀው።»

«ትናንት ተነቃነቀ።»

«በጣም ስለፈለግሽ ነው የመሰለሽ የኔ እናት።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ሞቶ ነው?»

መምህርቷ አሰበች። ሞተ ብትላት ስምንት ሞት በአንዲት ፍሬ ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ሆነባት። ሃያ አራት ቀን ሙሉ ስትሰድበው የከረመችውን ወሬ ከምግብ ሠሪዋ አፍ ተዋሰችው።

«አልሞተም። ከመጀመሪያውም ምንም አልነበረበትም። ባዶ ነበር።»

«የእማዬስ?»

መምህርቷ አካፋውን አነሣች። «እሱም» አለች።

ልጅቷ አጎንብሳ እንቁላሉን ጉድጓዱ ውስጥ አኖረችው። ክቡን ወደ ላይ አድርጋ። እጇን በሽርጧ ጠረገችና ሰልፏን ያዘች። አላለቀሰችም፤ መምህርቷም ቀለል ያላት መሰላት፤ ደህና መለስኩላት ብላ አፈሩን በእግሯ ጠቀጠቀች።

በማግስቱ ልጅቷ አልተናገረችም። በሳምንቱም አልተናገረች። በሦስተኛው ሳምንት አክስቷ ቦርሳዋን ልትወስድላት መጣች፤ እናትየው መጠንከር ስላቃታት ልጅቷን ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ራሷ ቤት ልትወስዳት ነው። መምህርቷ ተንበርክካ አቀፈቻት። ልጅቷ እንደ እንጨት ቆማ ታቀፈች፤ ጆሮዋን አንዴ መምህርቷ ደረት ላይ ለጠፍ አደረገች፣ ወዲያው አነሣችው፤ ሄደች።

ወረቀቱ ከግድግዳው ተነሥቶ በምትኩ የአባጨጓሬ ሥዕል ከተለጠፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት አሮጊቷ ቅርጫታቸውን ተሸክመው በር ላይ አገኟት።

«እንዴት ሆኑልሽ ልጄ? ስንቱ ወጣ?»

«አንድም አልወጣ እማማ። ወንድ አላቸው ብለውኝ ነበር።»

«አላቸው እንጂ! አምፖሉ ጠፍቶብሽ ይሆናል።»

«አንድ ደቂቃ አልጠፋም። ሃያ አራት ቀን ጠበቅኳቸው።»

አሮጊቷ ቅርጫታቸውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

«ምነው አራት ቀን ብትታገሺ? የዳክዬ እኮ ነው ልጄ፤ እኔ ዶሮ ኖሮኝ አያውቅም። ዳክዬ ሃያ ስምንት ቀን ነው።»