ጆሮ የሌለው ማይክ

«ርካሽ ነገር ገዝተሽ ባንዱን በሙሉ ልታዋርጂ ነው!» አለ ወንድሟ።

«ከፋይዋ እኔ፣ አንባራቂው አንተ!» አለች ልጅቷ፣ ኪታሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በጠባቧ የድምፅ ዕቃ ሱቅ መሃል ቆማ።

ኪታር እንደ ጊታር ታቅፈው እየተራመዱ፣ ሲላቸውም እየዘለሉ የሚጫወቱት ኪቦርድ ነው። የእሷ ደግሞ ቮኮደር አለው፤ በማይኩ የተነገረውን ሁሉ ጣቶቿ በነኩት ቁልፍ ቃና አዚሞ ያወጣዋል። ችግሩ ማይኩ ዘንግ ላይ የተተከለ መሆኑ ነው። መድረክ ላይ እንደታሰረች ፍየል ዘንጉን ስትዞር ስለከረመች የባንዱ መሪ አንጀቱ አሮ፣ «ዛሬም ልምምድ ላይ እዚያው ከተገተርሽ ከከበሮው ኋላ ትመለሻለሽ» ብሏታል። ከከበሮው ኋላ ሆና የወንድሟን ማጅራት ስታይ ዓመታት አልፈዋል። ከበሮ መቺው እሱ ነው፤ ሰው ሁሉ ነጎድጓድ ይለዋል።

ባለሱቋ መነፅሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ራስ ላይ የሚጠለቅ ማይክ አጠለቀችላት። ሶኬቱ ልክክ አለ። ዘፈነች፤ ጭጭ።

«ይሄ ከመሣሪያው ኃይል ይፈልጋል ልጄ። ያንቺ ኪታር ደግሞ አይሰጠውም» አለች ባለሱቋ፣ ሁለተኛውን እያወጣች። እሱ የራሱ ባትሪ አለው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ውድ ነው።

የነጎድጓድ ዓይን በራ። «ይሄ ነው ማይክ! ትንኝ ስታስነጥስ ይሰማል!»

እውነትም ይሰማል። ቁልፎቹን ተጭና ሳለች «ውድ ነገር አያሳፍርም!» ቢል፣ ድምፅ ማጉያው ንግግሩን በሦስት ቃና አዜመው። ባለሱቋ «ኧረ ጉድ!» አለች፤ ጉዱም ተዘፈነ። ልጅቷ ስቅ እስኪላት ሳቀች፤ ስቅታዋም ተዘፈነ። ሦስቱም ግድግዳ ተደግፈው ሆዳቸውን ያዙ።

ድንገት ሳቋን ገታች። ይህ የሚለፈልፍ ሰው መድረክ ላይ ከነከበሮው ከኋላዋ ሊሆን ነው!

«እትዬ፣ ሌላ የለም?»

«አለ፤ መልኩ ግን አያምርም። ስፖርት የሚያሠሩ ሰዎች ናቸው የሚወስዱት። ባትሪም ምንም አይፈልግም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ከንፈርሽ ሥር ካላደረግሽው ግን አይሰማሽም። ጆሮ የለውም ብልሽ ይቀላል።»

«ጆሮ የሌለው ማይክ!» ነጎድጓድ ራሱን ያዘ። «እናታችን ብትሰማ ምን ትላለች?»

ልጅቷ አጠለቀችውና ስፖንጁን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «በል እስቲ ጩህ።»

ጮኸ። ባዶ ካርቶን በሁለት እጁ ደበደበ። ቁልፎቹን ተጭና ጠበቀች፤ ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ምን አልከኝ?» አለች፤ ሱቁ በቃና ተሞላ። ኬብሉ እስከፈቀደላት ወደ በሩ ተራመደች፣ ዞረች፣ ዘለለች። ድምፁ ከከንፈሯ አልራቀም።

ከፈለች። ነጎድጓድ ግን የሚያዳምጣትም አልነበረም፤ ውዱን ማይክ አጥልቆ፣ ባለሱቋን ከመደርደሪያው ላይ ቮኮደር ያለው ኪቦርድ አስወርዷታል።

«አሁን እኔ ላስነጥስ፣ አንቺ ቁልፉን ተጫኚ!»

«አንተ ቅድም አስነጥሰሃል! ተራው የኔ ነው፣ አምጣ!» አለች ባለሱቋ።

ልጅቷ ኬብሏን ነቅላ ጠቀለለች፤ ኪታሯን ወደ ጎኗ አዙራ፣ ማይኩ ራሷ ላይ እንዳለ፣ በሩን ከፍታ ወደ ልምምዱ ቤት ሄደች።