የማይረገጥ ወለል

ሚስቱ «አንድ ቀን እንኳ የእኛን ሳሎን ወለል በማሽንህ ፈጭተህ አብራልን» እያለች ስትለምነው፣ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የሰው ወለል ሲያበራ ኖረ። ሰፈሩም በሥራው «መስታወት» ይለዋል። ልጃቸው መዳህ ጀምራ ጉልበቷ ሲላላጥ ግን አንጀቱ አልችል አለና ማሽኑን ይዞ ገባ።

ባይገባ ይሻል ነበር። በሻካራው ዲስክ የኮንክሪቱን ፊት ገፈፈው። ከሥር የተኛው ጠጠር ብቅ ሲል፣ ይሄን የመሰለ ጠጠር እቤቴ ተቀብሮ ኖሯል ብሎ የሰውን ሥራ እርግፍ አድርጎ ተወ። ስንጥቁን ሞላ፣ የኮንክሪት ማጠንከሪያ ፈሳሽ አጠጣው፣ ከዚያ በለስላሳው፣ ቀጥሎም ከለስላሳው በለሰለሰው ዲስክ እየደጋገመ ፈጨው። ሲጨርስ አምፖሉ ከላይም ከታችም በራ።

ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጫማ ተከለከለ። ሶፋው እግሩ ይጭራል ተብሎ ወደ በረንዳ ተሰደደ፤ የቤቱ ሰዎችም ተከትለውት እዚያው ይበሉ ጀመር። እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ ያደንቃል እንጂ ገብቶ ያደነቀ የለም። ልጅቷ በእጇ ወለሉን ተደግፋ ልትቆም ስትሞክር «እጇ ቅባት ነው» ብሎ አንጠልጥሎ አወጣት። ይሄኔ የሚስቱ ቆሽት አረረ። ልጇን አዝላ እናቷ ቤት ገባች።

ሰውየው ጥቂት ቀን ብቻውን ወለወለ፤ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ ደስ ብሎት ነበር። ኋላ ግን ባጎነበሰ ቁጥር የሚያየው የራሱን ፊት ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚታይ ፊት አልነበረም። ሆድ ባሰውና ወደ አማቱ ቤት ሄደ።

በሩ ላይ በልማዱ ጫማውን አወለቀ። የአማቱ ወለል የተቦረቦረ ሲሚንቶ ነው፤ ካልሲው ወዲያው ጠቆረ። ይሄ እኮ አንዴ ቢገፈፍ ሊል አፉን ሲከፍት፣ ልጅቷ ከወንበሩ ሥር ብድግ ብላ፣ ማንም ሳይዛት፣ እየተንገዳገደች መጥታ ጉልበቱ ላይ ተለጠፈች።

«መቼ ጀመረች?» አለ።

«እዚህ እንደመጣን» አለች ሚስቱ። «እዚህ ቤት አትርገጪ የሚላት የለም።»

ተመለሱልኝ እያለ ይለምን ጀመር። አማቱ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው ቢቆጡትም፣ ልመናው ሲበዛ አስታርቀው ላኳቸው።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ቤት ሲደርሱ ልጅቷን ከነጫማዋ ደጃፉ ላይ አቆማትና ግቢ አላት። እሷ ግን መቃኑን ይዛ ፊት ፊቱን ታየዋለች። አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ከነጭቃው ጫማው ቀድሟት ገባና ሳሎኑ መሃል ተንበርክኮ እጁን ዘረጋላት። ዓይኑን ግን ጨፍኖ ነበር።