ተርቦ የሌለው ነጩ መኪና

እህቴ የሐኪሙን ወረቀት ይዛ ጋራዥ የመጣች ዕለት እኔ ከአንድ ዝገት ከበላው ብሎን ጋር እየተናነቅኩ ነበር። ወረቀቱን ከመፍቻዎቹ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። እጄን ጠርጌ አነበብኩት። ዓይኗ ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው። በቀን ብቻ መንዳት ትችላለች፤ እሱም ለስምንት ወር። ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃዷን ትመልሳለች። እናታችንም ዓይኗ የጠፋው በዚሁ መንገድ ስለነበር፣ ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል ብለን ራሳችንን አላታለልንም።

«ስምንት ወር አለኝ፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ። «የስፖርት መኪና ምረጥልኝ። ሮታሪ ይሁን።»

ሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር። እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የደንብ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣችውም ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው። ግን ነገሩ እኔንም ይነካኛል። ወጣት ሳለሁ የመጀመሪያዬን ሮታሪ ሞተር ግቢያችን ውስጥ ሳስነሳ፣ ደብተሯን ጥላ በመስኮት ብቅ አለችና «የእማዬን ስፌት መኪና ይመስላል» አለች። አንድ ቀን አስነዳሻለሁ አልኳት። ያ አንድ ቀን ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይመጣ ቀረ። ምክንያት ልፈልግ ብል ከስስት በቀር አላገኝም፤ መሪዬን ለሰው መስጠት አልወድም።

ለማያውቅ ሰው፣ ሮታሪ ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን የለውም። ሆዱ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል፤ በሦስቱ ጫፎቹ ላይ ቀጫጭን የብረት ማሸጊያዎች አሉ። ሕይወቱ እነሱ ላይ ናት። ዘይት ካጡ አለቀለት። እኔ ከዚህ ሞተር ጋር ነው ያረጀሁት። የሰፈሩ መካኒኮች «ሦስት ማዕዘን» ይሉኛል። ስለ ሞተሩ ነው ይላሉ፤ ስለ ጭንቅላቴ እንደሆነ አውቃለሁ።

ያን ሰሞን ለሽያጭ የቀረቡት ሁለት ነበሩ። አንዱ ቀይ፣ ተርቦ ያለው፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ። ሌላው ነጭ፣ ተርቦ የሌለው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለአንድ ፋርማሲስት በገዛ እጄ የሠራሁት።

«ተርቦው ምን ያደርግለታል?» አለችኝ።

«አየር በግድ ያጎርሰዋል። ጉልበቱ ይጨምራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። አንዲት ቧንቧ ከላላች ማሸጊያው ቀጭ ነው። ለጀማሪ አይሆንም።»

«ነጩስ?»

«ነጩ የዋህ ነው። ቢያጠፉም ይታገሣል።»

ሁለቱንም ነዳቻቸው፤ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ። ነጩን በሥርዓት፣ ጨርቅ እንደምትቆርጥ ሰው ተጠንቅቃ ነዳችው። ቀዩ ላይ ግን ተርቦው ፉጨቱን ለቅቆ ከወንበራችን ጋር ሲያጣብቀን ሳቀች። እህቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ያን ቀን ሁለቱም እጆቿ መሪው ላይ ነበሩና ሳቋ ሳይሸፈን ወጣ። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

«ይኼኛው ነው» አለች።

«አይሆንም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።»

«ለመማር ጊዜ ያለው ይማር፣ ወንድም ጋሼ። እኔ ያለኝ ስምንት ወር ነው።»

ግማሽ ቀን ተከራከርን። ስለ ሙቀት፣ ስለ ነዳጅ፣ በየመንገዱ ስላየኋቸው የተቃጠሉ ተርቦዎች ደረደርኩላት። እልህም ነበረበት፤ ነጩ የእጄ ሥራ ነው፣ ቀዩ የማንም። በመጨረሻ «አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። በቤታችን ይህ ቃል ከወጣ ክርክር የለም። ነጩን ገዛች። ቀዩን በዚያው ሳምንት አንድ ፀጉር አስተካካይ ወሰደው፤ ዘይት በየት በኩል እንደሚገባ እንኳ ጠይቆ የተረዳ ሰው ነው።

ነጩን ከማስረከቤ በፊት ሁለት ቀን ፈተሽኩት። ግፊቱን በየክፍሉ ለካሁ፣ የውሃ ቧንቧዎቹን ቀየርኩ፣ ፍሬኑን አስተካከልኩ። ከዚያ አስተማርኳት፤ እሷም የልብስ ልኬት በምትጽፍበት ደብተር ላይ ቁጥር እየሰጠች ጻፈች። ሮታሪ ቀዝቅዞ ከተነሳ፣ የሙቀቱ ቀስት መሃል ሳይደርስ አይጠፋም፤ ነዳጅ ይውጠውና ዳግመኛ አልነሳም ይላል። ነዳጅ በሞላሽ ቁጥር የሞተሩን ዘይት እዪ። አልፎ አልፎ የዙር መለኪያው ቀስት ቀዩን መስመር እስኪነካ አስጩኺው፤ ሮታሪ ካልጮኸ ይታመማል። ሁሉን ነገርኳት ብዬ በራሴ ረካሁ።

ሰባት ሳምንት ነዳች። ከሥራ ስትወጣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እሁድ ቀኑን ሙሉ። አንዳንዴ ትደውልና «ዛሬ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቀዩን መስመር ነካሁ» ትለኛለች። ጎበዝ እላታለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እኛም እየሳቅን ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት መጀመሪያ ዳገት ላይ ጉልበት አጣባት፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። በጎታች መኪና መጣ። እሷ ከጎታቹ ሾፌር አጠገብ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ሰው ሆስፒታል እንዳደረሰች ሁሉ።

ሞተሩን አውርጄ ከፈትኩት። ማሸጊያዎቹ ተበልተዋል፣ ግድግዳው በሞረድ የተፋቀ ይመስላል። ደረቅ ነው። ማሸጊያዎቹን ዘይት የምታጠጣ ትንሽ ፓምፕ በጎኑ ትኖራለች፤ እሷ ናት የሰነፈችው ብዬ ልፈታት እጄን ሰደድኩ። ፓምፕ የለም። በቦታዋ በሁለት ብሎን የታሰረ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ብረቱ ላይ በመዶሻ የተመታች ትንሽ ሦስት ማዕዘን። የኔ ምልክት ናት።

ያኔ ትዝ አለኝ። በዚያ ዘመን ከፋብሪካው በላይ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ፓምፗ የምታጠጣው የሞተሩን ቆሻሻ ዘይት ስለሆነ፣ እያወለቅኩ ቀዳዳውን በብረት እደፍናለሁ። ደንበኛው ነዳጅ በሞላ ቁጥር ንጹሕ ዘይት እየለካ በገዛ እጁ ነዳጅ ታንከሩ ውስጥ ይጨምራል። ፋርማሲስቱ ሰውዬ ለአሥራ አንድ ዓመት እንደ ሽሮፕ እየለካ ጨመረ። ሲሸጥልን ምንም አላለም፤ ለሠራው ሰው ምኑን ይንገር? እኔም ረስቼው ለእህቴ አልነገርኳትም። መለኪያዋን ከትርፍ ጎማው ሥር በላስቲክ ተጠቅልላ አገኘኋት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ። ቀዩን የሠራው ሰው እንደኔ ሊቅ ስላልነበረ ፓምፑን አልነካውም።

ብረቷን እንደያዝኩ እህቴ ከኋላዬ መጣች።

«እኔ ነኝ አይደል?» አለች። «አብዝቼ አስጮኸው ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ብረቷን ቱታ ኪሴ ከተትኩ።

«ሮታሪ ነው እንግዲህ» አልኳት። «ይሆናል።»

ከዚያች ቃል በኋላ ሌላ ውሸት አላስፈለገኝም። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አደርኩ፣ ሰነበትኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ። ዕቃው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ከአምስት ወር በላይ እንደሚፈጅ ሲነግሩኝ እንኳ ለመናገር አልተነሳሁም።

በሦስተኛው ወር ፀጉር አስተካካዩ ቀዩን ዘይት ሊያስቀይር መጣ። መኪናው ጤነኛ ነው። እህቴ ምሳዬን አምጥታልኝ ተቀምጣ ነበርና የደረሰባትን ሰምቶ አዘነ።

«እሁድ እሁድ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አላት። «መኪናው ቆሞ ነው የሚውለው። ውሰጂና ንጂው፣ እህቴ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እጆቿን ወደ ኋላ እያደረገች። «የኔ እጅ ሞተር ገዳይ ነው። ያንተንም አላጥፋብህ።»

እኔ መኪናው ሥር ተጋድሜ ነበር። ብረቷ ኪሴ ውስጥ ጎኔን ትወጋኛለች። ወጥቼ አንድ ቃል ብናገር በቂ ነበር፤ አልወጣሁም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፣ ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ መለሰችለት። ቆየት ብሎ መንገድ ላይ ስትሄድ በአንድ እጇ ግድግዳ እየነካች መሄድ ጀመረች።

ዕቃው መጣ። ሌት ተቀን ሠራሁ ብል አላጋነንኩም። ፓምፕ ፈልጌ በቦታዋ መለስኩ። ሲያልቅ ከስምንቱ ወር የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነበር። ደውዬ ጠራኋት፤ በታክሲ መጣች።

«አሥራ ሁለት ቀን አለሽ» አልኳት ቁልፉን እየዘረጋሁ።

አልተቀበለችኝም። «መንጃ ፈቃዴን መለስኩት እኮ። ወር አለፈው። ለማይረባ እጅ ምን ያደርጋል ብዬ። ዓይኔንም አይተው ቀደዱት፤ ከእንግዲህ አይሰጡኝም።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ብረቷን ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ወደ ፊቷ አስጠግታ አየቻት፤ ከዚያ ሦስት ማዕዘኗን በአውራ ጣቷ ዳበሰች።

«መቼ አወቅክ?»

«የከፈትኩት ቀን።»

«ሰውየው እሁድ እሁድ ውሰጂ ሲለኝ…»

«አውቅ ነበር።»

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። በእጇ የመኪናውን ጣሪያ እየተከተለች ዞረችና በተሳፋሪው በኩል ገባች። «አስነሳው» አለችኝ። አስነሳሁት። ሞተሩ እንደ ስፌት መኪና አንሾካሾከ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አዳመጠች።

በውጭ በኩል ቀዩ አለፈ። ፉጨቱን ለይታ አንገቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አልመለሰችውም።

«ያን ቀን ስቄ ነበር፣ አይደል?»

«ስቀሽ ነበር።»

«አጥፋው» አለች።

የሙቀቱ ቀስት ገና ከታች ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ቀዝቃዛ ሮታሪ እንደማይጠፋ ደብተሯ ላይ ተራ ቁጥር አንድ ብላ የጻፈችው ነው። እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች።

አጠፋሁት።