ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ አደራ

ፍቅርአዲስ ፍሪጅ ያስገባች ዕለት ባሏ ያርጋል በሩ ላይ ቆሞ ሳቀባት።

«አይ አንቺ! ደባርቅ ላይ ፍሪጅ? ደጁ ሁሉ ፍሪጅ አይደል እንዴ! ወጡን መስኮት ላይ ብታሳድሪው እስከ ፋሲካ ምን ይነካዋል?»

«መስኮት ላይ ያደረውንማ ድመት ነው የሚጨርሰው» አለችው። «በል አሁን ዞር በል፣ ሰዎቹ ያስገቡበት።»

ፍሪጁን የላከችላት ጎንደር የምትሠራው ልጇ ጽጌሬዳ ናት። የእናቷ ጉልበት ከታመመ ወዲህ በየቀኑ ገበያ መውጣቱ፣ በየቀኑ ሽንኩርት መክተፉ፣ በየቀኑ ምድጃ ሥር ማጎንበሱ አላስችል ብሏት ነው። እውነትም ያ ነጭ ሣጥን እንደ ጎበዝ ልጅ ሆኖ አገዛት። ቅዳሜ ወጥታ የሳምንቱን ትሸምታለች። ቁሌቱን አንዴ ሠርታ ታስቀምጣለች፤ ወተቱ አይበላሽባት፣ ሊጡ አይኮመጥጥባት። ከሰዓት በኋላ እግሯን ዘርግታ ፀሐይ መሞቅ የጀመረችው ያኔ ነው። ያርጋልም ቢሆን መሳቁን ተወ፤ የቀዘቀዘ እርጎ ሲያገኝ ጊዜ ምን ይበል።

የኔታ ሕሩይ ጎረቤቷ ናቸው፤ አጥር ነው የሚለያቸው። በልጅነታቸው ከበየዳ ለትምህርት እንደ ወጡ በዚያው ቀርተው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል እየኖሩ ድጓ ያስተምራሉ። ሚስት አላገቡም፤ ዘመዶቻቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ከጥቂት ዓመት በፊት የውሃ ጥም ያዛቸው። ቢጠጡ ቢጠጡ አይረኩም፤ ሥጋቸውም እልቅ አለ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የስኳር በሽታ ነው ተባሉና በመርፌ የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘላቸው። መድኃኒቱ ፍሪጅ ይፈልጋል። በዚያ ሰፈር ደግሞ ፍሪጅ ያለው ፍቅርአዲስ ቤት ብቻ ነበር።

ትንንሾቹን ጠርሙሶች በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡላት።

«ልጄ ፍቅርአዲስ፣ ይህ መድኃኒት ብርድ ይወዳል ብለውኛል። እንግዲህ ነፍሴ ያለችው እዚህ ውስጥ ነው። አደራ።»

«ይምጡ የኔታ፣ እኔ ጋ ይቀመጥልዎታል» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ የመርፌያቸው ሰዓት ሲደርስ ይመጣሉ፤ ታወጣላቸዋለች፤ ከበሩ ጀርባ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸው ይወጋሉ። መርቀዋት ይሄዳሉ። እንዲህ ሆኖ ከረመ።

ቅበላ ሲመጣ አገራችን ምን እንደምታደርግ ታውቃላችሁ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ወተት የነካው፣ ቅቤ የነካው፣ ሥጋ የነካው ዕቃ ሁሉ ይወጣል። በአመድና በሙቅ ውሃ ይታሻል፤ ፀሐይ ላይ ይደፋል። ከዚያ እስከ ፋሲካ ማንም አይነካውም። ፍቅርአዲስ ፍሪጁንም ከዚሁ ቆጠረችው። እንዴት አትቆጥረው! ዓመቱን ሙሉ የወተትና የቅቤ ቤት ሆኖ የከረመ ነው። መደርደሪያዎቹን አውጥታ አሸች፤ ውስጡን በሎሚ ወለወለች፤ ደግማ ወለወለች። የቅቤው ሽታ ግን ከበሩ ላስቲክ ሥር ገብቶ አልለቅ አላት።

ይህን ጊዜ ያለፈው ዓመት ነገር ትዝ አላት። በሁዳዴ የኔታ መርፌያቸውን ሲወጉ እንደ ቀልድ አድርገው፣ «እኔ እየጾምኩ መድኃኒቴ ከቅቤ ጋር ያድራል፤ ምን ይሻለው ይሆን?» ብለዋት ነበር። እሳቸው ቀልደው ሄዱ፤ እሷ ግን ነገሩን ልቧ ውስጥ አስቀምጣው ኖራለች።

ከፍሪጁ በላይኛው በኩል በረዶ የሚሠራባት ትንሽ ክፍል ነበረች። ፍቅርአዲስ ምንም አስቀምጣባት አታውቅም። ከዚያ ሣጥን ውስጥ ጥሉላት ያልነካው ቦታ እሱ ብቻ ነው። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጠራርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ እዚያ አስገባቻቸው።

«ብርድ ይወዳል አይደል ያሉት» አለችው ለያርጋል። «እዚህ ደግሞ የባሰው ብርድ ነው ያለው።»

«እኔንም በጾሙ እዚያው አስገቢኛ» አለ ያርጋል። «ሥጋ እንዳያምረኝ።»

ሳቁ። እንዲህ ተሳስቀው ነው በሩን የዘጉት፣ ልጆቼ።

በጾሙ ወራት የኔታ መርፌያቸውን የሚወጉት ከቅዳሴ ወጥተው እህል ሊቀምሱ ሲሉ ነበር፤ ቢራራ የሚባለው ነርስ ሰዓቱን አስተካክሎላቸዋል። ፍቅርአዲስ ጠርሙሱን ስታወጣው ድንጋይ ሆኖ አገኘችው። አልደነገጠችም። በረዶ ሲነካው ምን ሊሆን ነው? በብብቷ አቅፋ፣ ጫጩት እንደምታሞቅ እያሞቀች ጠበቀቻቸው። ሲመጡ ሟሙቷል። ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ አመዳይ ያለ ነጭ ፍርፋሪ ተለጥፎ ብታይም የበረዶው ትርፍራፊ መሰላት። በየቀኑ እንዲሁ ታደርግ ጀመር።

ጾሙ ገፋ እንዳለ አንድ ጧት በማድ ቤቱ መስኮት አሻግራ ስታይ፣ የኔታ ግቢዋ ካለው ቧንቧ አጠገብ ጎንበስ ብለዋል። ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ በእፍኛቸው ውሃ ቀድተው ጠጡ። ደግመው ጠጡ። 

ፍቅርአዲስ መስኮቱን ቀስ ብላ ዘጋችው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ የማይቀምሱ ሰው! ስንቱን ተማሪ በጾም ያጸኑ ሰው! ዐይኗን ማመን አቃታት። ግን ልቧ አልፈረደባቸውም፤ አዘነችላቸው። በማግስቱ ሳይነጋ ተነሥታ ከቧንቧው አጠገብ ውሃ በማሰሮ ሞልታ፣ ጣሳ ደፍታበት ገባች። ሽማግሌ ሰው በእፍኙ ተደብቆ ሲጠጣ ማየት ነው ያልቻለችው።

የዚያን ዕለት የኔታ ለመርፌያቸው ሲመጡ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ቆይተው፣

«ልጄ፣ ማሰሮውን አየሁት» አሏት።

«የኔታ፣ እኔ ምንም…»

«ተይ። ያየሽው እውነት ነው። ጠላት በውሃ መጣብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ጾሜ እንዲህ ያለ ጥም አይቼ አላውቅም። እጸልያለሁ፣ እሰግዳለሁ፣ አይተወኝም። ጾሜን ገደፍኩ።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «ለንስሐ አባቴ እኔው ራሴ እናገራለሁ። አንቺ ግን ለማንም አትንገሪብኝ። ተማሪዎቼ እንዳይሰናከሉ።»

«አፌን ይቁረጠኝ የኔታ» አለች። ማለችላቸው።

ያን መሐላዋን ጠበቀች። ለያርጋል እንኳ አልነገረችውም። የሳቸውን ነውር እንደ ሸፈነች ነበር የምታውቀው፤ ምን እየሸፈነች እንደሆነ የነገራት አልነበረም። የኔታ ግን እየከሱ፣ እየከሱ ሄዱ። ሰውም አይቶ፣ «ጾሙ ነው፤ የኔታ ዘንድሮ በርትተዋል» ይል ነበር።

ደብረ ዘይት ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጩኸት ተሰማ። ፍቅርአዲስ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች። የኔታ ከተማሪዎቻቸው መሐል ወድቀዋል። መሪጌታ እንዳለው የሚባሉት የደብሩ ሌላው መምህር የወደቁትን ራስ ደግፈው ይዘዋል።

«ስኳሩ ወርዶባቸው ነው!» ይላሉ መሪጌታ። «በባዶ ሆድ ሲያስተምሩ አርፍደው! ማር በጥብጡ፣ ቶሎ በሉ! ለነፍስ ነው፣ ሰዓት አይጠበቅም!»

በለጠች የምትባል የሰፈር ሴት ብርዙን በዋንጫ ይዛ ደረሰች። እውነትም የስኳር ሕመምተኛ በጾም ሲወድቅ ጣፋጭ ነው የሚሰጠው፤ ሁሉም የሰማው እንደዚያ ነው። ዋንጫው ወደ የኔታ ከንፈር ሲጠጋ፣ ፍቅርአዲስ ያን የተሰነጠቀ ከንፈር አየች። በዚያች ቅጽበት የዱሮው ጥም ትዝ አላት፤ ሳይታከሙ በፊት፣ ቢጠጡ ቢጠጡ የማይረኩበት ጊዜ። ጥሙ ያው ጥም ነው። ስኳሩ ሲበዛ የሚመጣው ጥም!

ብትናገር መሐላዋን ልታፈርስ ነው፤ ያውም በተማሪዎቻቸው ፊት። ዝም ብትል ማሩ ሊወርድ ነው።

«ተዉ! ማሩን አትስጧቸው!»

«ምን ሆንሽ አንቺ? ሰው እየሞተ!» አለች በለጠች።

ፍቅርአዲስ ዋንጫውን በእጇ ገፋችው፤ ብርዙ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«የኔታ ውሃ ሲጠጡ ነው የከረሙ። ጧት ጧት፣ ከኔ ቧንቧ። በዐይኔ አይቻለሁ።»

 መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት።

«የሰውዬውን ስም ነው የምታጠፊው?» አሏት ቀስ ብለው። «በጾሙ? የኔታ ሕሩይ?»

«አዎ፣ በጾሙ። ሰይጣን መስሏቸው ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር። በሽታው ነው መሪጌታ! ያ የመጀመሪያው ጥም ነው የተመለሰ። ስኳራቸው አልወረደም። በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው!»

ከተማሪዎቹ አንዱ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ። መሪጌታ ግን የኔታን በክንዳቸው አንሥተው ወደ አስፋልቱ አቀኑ። ባጃጅ አስቁመው ሄዱ። ፍቅርአዲስም መድኃኒቱን ይጠይቁ ይሆናል ብላ ጠርሙሱን ከቤት ይዛ ተከተለቻቸው።

ቢራራ ከጣታቸው ደም ወስዶ ሲለካ መሣሪያው ቁጥሩን ማንበብ አቃተው፤ ስኳራቸው ከልኩ በላይ ወጥቷል። «ጣፋጭ ቢጨመርበት ኖሮ እንጃ» አለ። ሐኪሙን ጠራ፤ ግሉኮስ የሌለበትን ውሃ በክንዳቸው አስገቡ፤ አዲስ መድኃኒት ወጓቸው። የኔታ ነፍስ ሲዘሩ ቢራራ ወደ በሩ ወጣ።

«እትዬ፣ የኔታ መድኃኒታቸውን ትተውት ነበር እንዴ?»

«ኧረ አንድም ቀን! እኔ አይደለሁ የማስቀምጥላቸው? ያውም ንጹሕ ቦታ፣ ቅቤ ካልነካው፣ ከበረዶው ውስጥ።»

ቢራራ መልሶ ጠየቃት።

«በረዶው ውስጥ?»

ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አነሣው። ነጩ ፍርፋሪ በውስጡ ይዋልላል።

«እትዬ፣ ይህ መድኃኒት አንዴ በረዶ ከሆነ ሞተ ማለት ነው። ቢሟሟም አይሠራም። የኔታ ዝም ብለው ውሃ ሲወጉ ነው የከረሙት።»

ፍቅርአዲስ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ያርጋል መጥቶ ትከሻዋን ይዞ፣ «ሳታውቂ ነው፤ ሳታውቂ ያደረግሽው ነው» ቢላት፣ «አለማወቄ ለሳቸው ምን ይረባቸዋል?» ብቻ አለችው። ቤቷ አልገባም ብላ እዚያው ደጃፍ ከረመች።

የኔታ ልባቸው ሲመለስ እንድትገባ ፈቀዱላት። ዐይናቸው እንደ ዱሮው አልሆነም፤ ፊቷን ለመለየት አተኩረው ማየት ነበረባቸው። ከአልጋው እግር ተንበረከከች።

«የኔታ፣ እኔ ነኝ የገደልኩዎት። ከቅቤው ላርቀው ብዬ በረዶ ውስጥ ከተትኩት፤ መድኃኒትዎ ሞተ። ደግሞም መሐላዬን አፍርሼ፣ በተማሪዎችዎ ፊት ውሃ ጠጡ ብዬ ተናገርኩ።»

የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ወደ ቢራራ ዞረው፣

«ጥሙስ?» አሉ። «ጥሙ ከዚህ የመጣ ነው?»

«አዎ የኔታ። እንኳን እርስዎ ማንም አይችለውም።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።  «ተመስገን» ሲሉ ብቻ ተሰማ። «ተመስገን። የተውከኝ መስሎኝ ነበር።»

ፍቅርአዲስ ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። «ይገሥጹኝ የኔታ። ዝም አይበሉኝ።»

«ምን ብዬ ልገሥጽሽ?» አሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ። «ይህ ልጅ መጀመሪያ መድኃኒቱን ሲሰጠኝ፣ በረዶ እንዳይነካው ብሎኝ ነበር። ሰምቻለሁ። ላንቺ ግን አልነገርኩሽም። በረዶ የማውቀው የበየዳን ተራራ ነዋ! ከሣጥን ውስጥ በረዶ እንዳለ በምን ልወቅ?»

በሚቀጥለው ቀን ሐኪሙ ጧት እህል እንዲቀምሱ አዘዘ፤ የንስሐ አባታቸውም ፈቀዱ። ፍቅርአዲስ ቅንጬ በዘይት ሠርታ፣ ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ መጣች። እንደምታውቁት በእኛ ወግ እህል ያቀረበ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል፤ ያመጣው የሚታመን መሆኑን በዚያ ያሳያል። ፍቅርአዲስ ከቅንጬው በማንኪያ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ ግራ መዳፏ ላይ ጣለች። ገና ጧት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት የት ደርሶ! ወደ አፏ አነሣችው።

የኔታ ዳበስ አድርገው የእጇን አንጓ ያዙ።

«ተይ። ሰዓቱ አልደረሰም፤ ጾምሽን አትግደፊ።»

«ሳልቀምስልዎትማ እንዴት ብዬ የኔታ? ከኔ እጅ? ከዚያ ሁሉ በኋላ?»

«አዎ፣ ካንቺ እጅ» አሉና በስመ አብ ብለው ባረኩት።

ከመዳፏ ያለውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። ማንኪያውን ሞልታ እስክትዘረጋላቸው ድረስ፣ አፋቸውን ከፍተው ጠበቋት።