አሥራ ስድስት ደረቅ ጣቶች

«ልጄ፣» አሉ እማማ ቦክናም፣ ለሟቹ ፎቶ ሁለቴ፣ ለሟቹ ልጅ አንዴ ሰግደው ሲያበቁ። ወደ ሄሱክ ጆሮ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። «ለመሆኑ እኔ ነገ ምኑን ነው የምመርጠው? አባትሽ ሳይሞት ነግሮሽ ነበር?»

ሄሱክ የሚያጽናኗት መስሏት ዕንባዋን አዘጋጅታ ነበር። ዕንባው ባለበት ቀረ።

«የምን ምርጫ እማማ?»

«የአውቶቡሱ ነዋ! ነገ እኩለ ቀን ላይ ያበቃል አሉ። እኔ ያን ስልክ የት አውቄው! አባትሽ አይደል የሚጫንልኝ።»

«አባዬ? ለእርስዎ?»

«ለሁላችንም!» አሉና ቀይ የሥጋ ሾርባ ወደሚቀርብበት ክፍል አዘገሙ። ሐዘን ሆድ አይሞላም።

ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ሰገዱ፣ ጠጋ አሉ፣ ያንኑ ጠየቁ። ሰባተኛው ለቀስተኛ ላይ ሲደርስ ሄሱክ ነገሩ ገባት። በሳትጎል መንደር ከአባቷ ከአቶ ማ ፒልቾል ጋር አሥራ ሰባት ሰው ይኖር ነበር፤ አሁን አሥራ ስድስት ቀርቷል። ከሁሉም የሚያንሰው ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሱንም «ጎረምሳው» ይሉታል። ወረዳው ስብሰባ የሚባለውን ነገር ሁሉ ትቶ ድምፅ በስልክ ብቻ ካደረገው ሦስት ዓመቱ ነው። በሦስት ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ድምፅ ተሰጥቷል፤ የዘጠኙንም ጊዜ የመንደሩን ድምፅ በሙሉ የተጫነው የአንድ ሰው ጣት ነው። እሱም የመንደሩ ሹም፣ የእሷው አባት።

የአሁኑ ጉዳይ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ጠዋትና ማታ የሚመጣው አውቶቡስ ይቅርና በስልክ ሲጠሩት የሚመጣ፣ ሾፌር የሌለው መኪና ይተካ ነው የሚለው። ድምፅ ያልሰጠ እንደተስማማ ይቆጠራል።

የለቅሶው አዳራሽ ድሮ መዋዕለ ሕፃናት ነበር። በወረዳችን ሕፃን ጠፋ፣ ሟች በዛ፤ ባለቤቱም ብልህ ሰው ነውና በራፉ ላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ቀይሮ ሥራውን ቀጠለ። ሄሱክ ፊደል የቆጠረችው እዚሁ ነው። የእጅ መታጠቢያዎቹ እስከ ጉልበት ብቻ ስለሚደርሱ ሽማግሌዎቹ ወገባቸውን እየያዙ ይታጠባሉ። ከነጭ አበባው ጉንጉን ጀርባ የተሳለው ዝሆንም አልተፋቀም፤ ኩምቢው ከአባቷ ፎቶ በላይ ወጥቶ ይታያል።

ከሰዓት በኋላ ከወረዳው ስልክ ተደወለ።

«ኖ ጁንያንግ እባላለሁ፤ የዲጂታል ተሳትፎ ክፍል ባለሙያ ነኝ። በአባትዎ ሞት በጣም አዝነናል። ሳትጎል ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ መቶ በመቶ ድምፅ የሰጠች ብቸኛ መንደር ናት፤ ያውም አማካይ ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ሆኖ! ነገ አምስት ሰዓት ላይ የምስክር ወረቀቱን ይዘን እንመጣለን። ፎቶ አንሺ አብሮን አለ። አረጋውያኑ እንዴት እንደሚመርጡ እዚያው ቢያሳዩን...»

«እዚህ? ለቅሶ ላይ?»

«ሁሉም አንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ስለሆነ ነው» አለ አቶ ኖ፣ በሐዘን ድምፅ።

ሄሱክ ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። አባቷ ገና አፈር ሳይቀምስ የድምፅ ሌባ ሊባል ነው፤ ያውም በፎቶ አንሺ ፊት። የባሰው ደግሞ እሷም መጠርጠሯ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለመኸር በዓል እሷ ወደምትኖርበት ሴኡል እንዲመጣ ለምናው ነበር። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፣ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ከእሱ ሌላ ማን አላት?

«አልችልም ልጄ፣ ምርጫ አለብኝ። ሦስት ቀን ይፈጃል።»

«ለአሥራ ሰባት ሰው ሦስት ቀን?»

«እንደዚያ ነው።»

ተናዳ ጆሮው ላይ ዘጋችው፤ ከዚያ ወዲህም አልለመነችውም፣ አልጠራችውም... በዓሉን ብቻዋን ነው የዋለችው። አሁን ስታሰላው አሥራ ሰባት ጊዜ መጫን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ታዲያ ሦስት ቀን ምን ሲሠራ ነበር? ዋሽቷታል ማለት ነው። ሞቱ አንድ ሐዘን፣ ይሄ ሌላ ሐዘን።

ለቀስተኛ ካርታ እየተጫወተ በሚያመሽበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሽማግሌዎቹ የነገውን እንግዳ ሰምተው ምክር ይዘዋል።

«እኔ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ።»

«እኔም።»

«ሁላችንም መነጽር ከረሳንማ ይነቃብናል! አንድ ሁለታችን እንታመም።»

«ኧረ እኔ በእውነትም አሞኛል» አለ ጎረምሳው።

«ዋናው ዳልሱ አይምጣ እንጂ» አሉ እማማ ቦክናም።

አባባ ቾ ዳልሱ ለመንደር ሹምነት አራት ጊዜ ከፒልቾል ጋር ተወዳድረው አራቱንም ተሸንፈዋል። አፋቸው መዝጊያ የለውም። በመጨረሻው ምርጫ ሁለት ድምፅ አገኙ፤ አንዱ የራሳቸው ነው። የሁለተኛው ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲመረምሩ ኖረዋል።

በማግሥቱ አቶ ኖ በሰዓቱ ደረሰ። ሰገደ፣ የምስክር ወረቀቱን ፎቶው ሥር አስቀመጠ፣ ታብሌቱን አወጣ። «የዘመናዊ ዴሞክራሲ ፋና የሆኑት...» ብሎ ንግግሩን ሲጀምር በሩ ተከፈተ። አባባ ዳልሱ ገቡ። አንዴ ሰገዱ። ሁለተኛውን ሲሰግዱ ግንባራቸው ከምንጣፉ ቶሎ አልተነሣም። ከዚያ ዞሩ።

«ማነው እዚህ ዴሞክራሲ የሚለው?»

«እኔ ነኝ አባት» አለ አቶ ኖ።

«ስማ አንተ ልጅ። ዘጠኙንም ጊዜ እኔ አልተጫንኩም። እሱ ነው የተጫነልኝ። የእነዚህንም ሁሉ እሱ ነው!»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን አወረደ። እማማ ቦክናም «አፈር ብላ!» አሉ ጮክ ብለው። ሄሱክ ዓይኗን ጨፈነች። አበቃ፣ አለች በልቧ፤ አባዬ አለቀለት።

«አልጨረስኩም!» አሉ አባባ ዳልሱ። «አንቺ ልጅ፣ በአባትሽ ኮት ውስጥ ደብተር አለ። አምጪውና አንብቢ።»

ደብተሩ ከፎቶው ጎን በተሰቀለው ኮት ደረት ኪስ ነበር፤ እርጥበት አሳብጦታል። ሄሱክ የመጣላትን ገጽ ገልጣ አነበበች። «የውኃ ጉዳይ። ቦክናም፦ አዎ። ከእራት በኋላ፦ አይ። በማግሥቱ፦ አዎ። በሦስተኛው ቀን፦ አንተ እንደመሰለህ። እንደሱ አይሆንም አልኳት። ተቆጣች። አይ።»

«አይ ነበር ያልኩት፣ አዎ!» አሉ እማማ ቦክናም።

«ዳልሱ፦ አይ። ደደብ ነህ ብሎኛል። አይ ብዬ ተጫንኩለት።»

ገጹ ሁሉ እንደዚሁ ነው። ቤት ለቤት ዞሮ፣ በዝናብ በበረዶ ተመላልሶ፣ ያጣውን «ቤት አልነበረም» ብሎ፣ ያሉትን እንዳሉት ጽፎ፣ እንዳሉት ተጭኗል። ሦስቱ ቀን ይሄ ነበር። አልዋሻትም። ስልኩን ጆሮው ላይ የዘጋችበት ቀን ለሄሱክ ትዝ አላት።

«የሹምነቱን ገጽ አንብቢ» አሉ አባባ ዳልሱ።

«ዳልሱ፦ ለራሴ። ቦክናም፦ ለአንተ...» ጣቷ ወደ መጨረሻው ስም ወረደ። «እኔ፦ ለዳልሱ። ይጮሃል እንጂ አይዋሽም።»

አባባ ዳልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። ሁለቴ እንደዚያ አደረጉ።

«ይሄ ሽማግሌ!» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ ድምፁ የእሷ መስሎኝ በየመኸሩ አንድ አንድ ሳጥን ፖም ለቦክናም!»

«እኔ ምን ላድርግ» አሉ እማማ ቦክናም። «ስታመጣ ተቀበልኩ።»

መጀመሪያ የሳቀው ጎረምሳው ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ አባባ ዳልሱ ግን ፊታቸውን ወደ ዝሆኑ አዙረው በእጅጌያቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አቶ ኖ ላቡን ጠረገ። «ግን ሕጉ... መራጩ በራሱ ጣት ይጫን ነው የሚለው።»

«ጣት?» አሉ እማማ ቦክናም። «ና እንግዲህ፣ ጣት ላሳይህ!»

ታብሌቱን ነኩት፤ ምንም የለም። ጫኑት፣ ደበደቡት፤ ዝም። ስልሳ ዓመት ሽንኩርት የነቀለ ጣት ነው፤ ደርቆ ቅርፊት ሆኗል፤ መስታወቱ የሰው ጣት መሆኑንም አልተረዳም። ጎረምሳውም ሞከረ፣ እምቢ አለው።

«አየህ ለምን ፒልቾል ይጫንልን እንደነበር?» አሉ እማማ ቦክናም።

አምስት ሰዓት ከሃያ ሆኗል። የሐዘኑ ባለቤት ከፎቶው አጠገብ አትነሣም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ሄሱክ ተነሣች። ደብተሩን ይዛ እማማ ቦክናም ፊት ተንበረከከች።

«እማማ፣ አውቶቡሱ ይቅር ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ። ቆይ... አዎ፣ ይቆይ።»

ጻፈችው። ከዚያም የእማማን ጣት ይዛ፣ እንዲርስ፣ አጠገባቸው ከነበረው የሾርባ ሳህን ውስጥ ነከር አደረገችው። ታብሌቱ ጢት አለ።

«ሾርባ ገባበት!» አለ አቶ ኖ።

«ዴሞክራሲ ይርበዋል» አሉ አባባ ዳልሱ። ለራሳቸው ግን አዲሱን መኪና መረጡ። «ሾፌር ከሌለው የሚሰድበኝ የለም።»

ሄሱክ ሁሉንም ጠየቀች። አንዱ ስለ ጉልበቱ፣ ሌላው ካናዳ ስላለው ልጁ አወራላት፤ አላቋረጠችም። አሥራ አራት ይቆይ፣ ሁለት ይቅር። አቶ ኖ ቅባት የጠጣውን ታብሌት አየና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ድምፅ ይቀራል። የአባትዎ ስም ገና አልተሰረዘም። ካልመረጡ... እንደተስማሙ ነው የሚቆጠረው።»

«ተጫኚለት!» አሉ አባባ ዳልሱ። «ምን እንደሚል እናውቀው የለ? አራት ደቂቃ ነው የቀረው!»

ሄሱክ ወደ ፎቶው ሄዳ ተንበረከከች።

«አባዬ፣» አለች፣ «አውቶቡሱ ይቅር ወይስ ይቆይ?»

ሌሎቹን የጠበቀችውን ያህል ጠበቀችው። ከዚያም ያን ያህል ደግማ ጠበቀችው። ሰዓቱ ሞላ፤ ታብሌቱ በራሱ ተዘጋ። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዕንባዋ ወረቀቱን እንዳይነካው አንገቷን ዘወር አድርጋ፣ ከመጨረሻው፣ ከአባቷ ስም ጎን ጻፈች፦ «ቤት አልነበረም።»