ስድስት ዋት

"ሥራ ሳይኖረው ዝም ብሎ ሲበራ ስንት ዋት ይበላል?" ብላ ጠየቀች።

ባለሱቁ ጥቁሩን ኮምፒውተር ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ከጎኗ ወደቆመው ታናሽ ወንድሟ ዞረ። "ምን መሰለህ አለቃ፣ ስለ መብራት አታስብ። ቢበላ አሥር ዋት ነው። ቀን ከሌሊት ቢበራ አይሰማህም።"

ከገቡ ይኼ አራተኛ ጥያቄዋ ነበር። ጥያቄው ከእሷ አፍ ይወጣል፤ መልሱ ግን በ"ህ" እያለቀ ወደ ወንድሟ ይሄዳል። ወንድሟ ታክሲ ነጂ ነው። የመጣው እሷን ለማድረስ ሲሆን፣ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው ነገር ቢኖር ውድ መሆኑን ብቻ ነው። ቢሆንም እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ስትፈትሽ የኖረች ናት። ቤቷ ባለው የውሃ ቧንቧ ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ገጥማለች። ውሃ ሲመጣ መሣሪያዋ ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፤ ኮምፒውተሩም ሰው በስልኩ በሚከፍተው ገጽ ላይ "መጣ" ብሎ ይጽፋል። ሲቋረጥ "ሄደ" ይላል። ለመዝናኛ ያህል የጀመረችው ነገር ነበር፤ አሁን ግን ሰፈርተኛው ጀሪካን ከማንሳቱ በፊት ገጹን ያያል። ችግሩ አሮጌው ኮምፒውተሯ ነው። እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጠባበቂያ ባትሪውን በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ጸጥ ይላል። ባለፈው ሳምንት መብራት በሌለበት ውሃ መጥቶ ሄደ፤ ማንም አላወቀም። አልጋ ላይ የዋሉ ባላቸውን የሚያስታምሙት በሕንጻቸው አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤቷ፣ በዚያ ዕድሜያቸው አራት ቀን ሙሉ ከሌላ ሰፈር ውሃ ተሸከሙ። ይኼ ነገር ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ነስቷታል።

"እስቲ ልለካው" አለችና ከቦርሳዋ የዋት መለኪያዋን አወጣች።

"ምንድን ነው እሱ?" ባለሱቁ የጠየቀው ወንድሟን ነው።

"እኔ ምን አውቄ! የእሷ ነው" አለ ወንድሟ።

መለኪያውን ሶኬቱ ላይ ሰክታ ኮምፒውተሩን አበራችና ተረጋግቶ እስኪቆም ጠበቀች። ቁጥሩ ከሃምሳ ወርዶ ሠላሳ አራት ላይ ቆመ።

"ሠላሳ አራት" አለች። "አሥር አልነበር ያልከው?"

"መለኪያው ይሆናላ" አለ ባለሱቁ ለወንድሟ ፈገግ ብሎ። "እነዚህ ነገሮች እኮ ይሸውዱሃል።"

ፊቷ ጋለ። "መለኪያ መፈተሽ ሥራዬ ነው! ይኼንንም የፈተሽኩት ዛሬ ጠዋት ነው።"

"እሺ በቃ እናቴ፣ አትቆጪ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን ያናገራት ይኸው ነበር፤ አትቆጪ ለማለት።

ከታችኛው መደርደሪያ ላይ የመጽሐፍ ያህል መጠን ያለው፣ ጥጉ የተፋቀ ግራጫ ኮምፒውተር አየች። "ያንን አውጣልኝ።"

"እሱ ቢሮ ያገለገለ ነው" አለ ባለሱቁ፤ አሁንም ወደ ወንድሟ። "ደካማ ነው፣ አይሆንህም።"

"ደካማውን ነው የምፈልገው። ቀኑን ሙሉ ሥራው አንድ ቃል መጻፍ ነው።"

ለካችው። ስድስት ዋት። በልቧ አሰላችው፤ ለአሮጌው ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚበቃው ባትሪ ይኼንን ሰባት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። መፍቻ አውጥታ ክዳኑን ከፈተች፣ አቧራውን እፍ አለች፣ ማራገቢያውን በጣቷ አዞረችው። ደህና ነው። ድምፅም የለውም።

"ይኼን እወስዳለሁ" አለችና ከፈለች።

ባለሱቁ የዋስትናውን ጥራዝ ገለጠ። "ስም ማን ልበል አለቃ?"

ወንድሟ የራሱን ስም እስከ አያቱ ነገረው። የአባቷ ስም ተጻፈ፣ የአያቷም ስም ተጻፈ፤ የቀረው የእሷ ብቻ ነበር።

"የገዛሁት እኔ ነኝ" አለች። "በስሜ ጻፈው።"

"ተጻፈ እኮ! ቁጥር ያለው ወረቀት ነው፣ አይቀደድም። ለመቀየር ሒሳብ ሠራተኛዬ ነገ እስኪመጣ ዕቃው እዚህ ይቆይ። ደግሞስ ቤተሰብ አይደላችሁ እንዴ?"

"ምን አለበት እትዬ?" አለ ወንድሟ። "አንቺም እኔም ያው ነን። ነገር ቢመጣም ወንድ ሲሆን ይሰሙታል። ነይ እንሂድ፣ መኪናዋን ያለ ቦታዋ ነው ያቆምኳት።"

ዞር ብላ አየችው። ታክሲው ተበላሽቶ መንገድ ላይ በቆመ ቁጥር እየደወለ ሽቦ የሚያስቀጥላት ይኼው ሰው ነው።

"በእሱስ አልፈርድም፤ አያውቀኝም" አለች። "አንተ ግን ምን ገብቶህ ነው ስትነቀንቅ የቆየኸው?"

"ታዲያ ሰው ሲያናግረኝ ዝም ልበለው?"

"'እሷን አናግራት' ትለዋለህ! ይኼን ማለት ምላስህን ያቆስለዋል?"

ወንድሟ አቀረቀረ። ባለሱቁም ብዕሩን መክደን መክፈት ያዘ።

ነገ ጠዋት ውሃ የሚለቀቅበት ተራ ነው፤ መብራት እንደሚጠፋም ተነግሯል። ኮምፒውተሩ እዚህ አያድርም። የዋስትናውን ወረቀት ከባለሱቁ እጅ ተቀብላ ለሁለት አጠፈችና ወንድሟ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"በል ያዘው፣ ስምህ ነው ያለበት። ከተበላሸ እኔው ከፍቼ እጠግነዋለሁ።"

"ኧረ እትዬ፣ ያለ ዋስትና..."

አልሰማችውም። ግራጫውን ኮምፒውተር በክንዷ አቅፋ ወጣች። ወንድሟ ተከትሏት ሮጠና የታክሲውን የፊት በር ከፈተላት። እሷ አልፋው ሄዳ የኋላውን በር ራሷ ከፈተችና እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ገብታ ተቀመጠች።