ሳይታጨድ የሚቀር ትልም

እንግሊዝኛ አላውቅም፤ አላፍርበትምም። እዚህ ሱሉልታ መሬት አሳርሼ፣ ልጅ ድሬ የኖርኩት ያለ እሱ ነው። አንድ ቀን ግን ገባኝ።

የጓሮ ክፍሌን የእንግሊዝኛው መምህር ካሳሁን ተከራይቶት ነበር። ተማሪዎቹ ቀትር ላይ መስኮቱ ስር ቆመው «ጋሼ፣ ‹ሜክ› የቱ ጋ ነው፣ ‹ዱ› የቱ ጋ?» ይሉታል። ምሳውን እየበላ ከውስጥ ምሳሌ ይነግራቸዋል፤ እነሱ ይደግሙታል። ክረምቱ ሲወጣ በተስቦ ሞተ። ቀበርነው፤ ክፍሉን ቆለፍኩት፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ተማሪዎቹ ቀሩ፤ የልጄ ልጅ ደራርቱ ግን አልቀረችም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል። ቀትር በሆነ ቁጥር የተዘጋው መስኮት ስር ትጠይቃለች፤ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትደግማለች። ፊቷ አመድ እየመሰለ ሄደ።

«ማነው የሚመልስልሽ?» አልኳት።

«ጋሼ ናቸው፣ አኮ» አለች፤ አያቷን አኮ ነው የምትለኝ።

«ቀብረነው የለም እንዴ፣ አንቺ!»

«ድሮስ ከውስጥ አይደል የሚመልሱት?»

ክንዷን ያዝኩ። «ዛሬ ምን አስደገመሽ?»

«‹ነገ አብሬዎት እሄዳለሁ።› ምሳሌ ነው እኮ!»

«ለሙት ምሳሌ የለም! ቃል ሰጥተሽው መጣሽ፣ የተማርሽ ጅል!»

በማግስቱ ማለዳ ቡራዩ አክስቷ ዘንድ ሰደድኳት። ቀትር ላይ በርጩማዬን ይዤ መስኮቱ ስር ተቀመጥኩ። ውሻዬ ከአጥሩ ወጥቶ አልገባም አለ። ከተቆለፈው ክፍል ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ በእንግሊዝኛ ተናገረ። ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ አንድም ሳይቀር ገባኝ።

«ልጅቷ የታለች?» ነው ያለው።

«አብሬህ ሄጄ ቃሏን የምፈጽምላት እኔ ነኝ» አልኩት። «ገብሴ ታጭዶ ሳያልቅ ግን የትም አልሄድም። ጠብቅ!»

ጠበቀ። ደራርቱም ፈተናዋን አለፈች።

እኔ ሞኝ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ትልም ገብስ ሳላሳጭድ እተዋለሁ፤ ወፍ ይብላው። ጎረቤቴ ኦቦ ጎበና «አዴ ጠጅቱ፣ አረጁ፤ ዓይንዎ ማየት ተወ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ምክንያቱን ነግሬው አላውቅም።

ዘንድሮ ታምሜ ተኛሁ። ዛሬ ጎበና ማጭዱን እንደያዘ ገባና፣ «አዴ፣ ደስ ይበልዎ፤ የረሷትን ትልም አጨድኩልዎ» አለኝ። ደግ ሰው ነው። ምነው እጁን በቆረጠው!

እሱ ከወጣ በኋላ ውሻው ከአጥሩ ወጥቶ ቆመ። ቀትር ነው። ጓሮ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው አለ።